የሐሙስ አግዳሚ

ባለፈው ሰኔ መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ወልቂጤ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት መጣ። የመምህራን ማረፊያው በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እያዞረ "ቲቸር ሰናይት እርስዎ ነዎት?" አለኝ። ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ሰማዩ ዳምኗል፤ ግቢ ውስጥ ልጆቹ ዝናቡ ሳይቀድማቸው ኳሳቸውን ሊጠግቡ ይሯሯጣሉ። ሰውየው የረድኤት አጎት ነበር። ረድኤት ስምንተኛ ክፍል ከማስተምራቸው ልጆች አንዷ ናት፤ ደብተሯን በላስቲክ የምትለብድ፣ መልሱን እያወቀችው እጇን እስከ ጆሮዋ ብቻ የምታነሳ ዝምተኛ ልጅ።

"እናቷ በጣም ታማለች" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ያው... ያ በሽታ ነው። አዲስ አበባ ስናመላልሳት ከረምን። አሁን ቤቷ ይሻላታል ብለውን አምጥተናታል። ረድኤት ግን አታውቅም፤ ጨጓራ ነው ብለናታል። ፈተናው ደግሞ ደርሷል። እስክትጨርስ አክስቷ ጋ ልናስቀምጣት ነው። ምናልባት ከሰው ሰምታ እርስዎን ከጠየቀችዎ፣ አደራዎን፣ ተሽሏታል ይበሉልን።"

ጨዋ ሰው ነው። ዓይኑ እንቅልፍ ካጣ ብዙ ቀን እንደሆነው ያስታውቃል። እኔ ግን "እሺ" ማለት አቃተኝና "እስቲ ላስብበት" አልኩት። ምን የሚታሰብ ነገር አለው በሚል አስተያየት አየኝ። አልፈረድኩበትም። በእኛ አገር አደራ ሲባል መልሱ አንድ ነው። እኔም የዛሬ ሠላሳ ዓመት ይህንኑ አደራ፣ በዚሁ በፈተና ሰሞን፣ "እሺ" ብዬ ተቀብያለሁ። ሰውየው ሲሄድ ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር፤ ቀዝቃዛውን ጠጣሁት።

ያደግሁት ቡታጅራ ነው። አባቴ ከጎጃም ለግብርና ሥራ ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር። "ለሁለት ዓመት ነው" ብሎ የመጣ ሰውዬ አራት ልጅ ወልዶ፣ ጓሮው ውስጥ እንሰት ተክሎ፣ "ቆጮ እኮ እህል አይደለም" እያለ ሁለት ሦስት ጊዜ አስጨምሮ ይበላ ነበር። ያን ጊዜ ቡታጅራ ባጃጅ የሚባል አታውቅም፤ ሰውም ዕቃም የሚሄደው በጋሪ ነው። በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። ከከተማው በላይ የዘቢዳር ተራራ ጠዋት ጠዋት በጭጋግ ተሸፍኖ ቆይቶ፣ እኛ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ስንደርስ ይገለጣል። በርበሬ በደረሰ ጊዜ ደግሞ ደጃፉ ሁሉ ቀይ ስጥ ነው። መንገደኛው ያነጥሳል፣ ደጅ የተቀመጠው "ይማርህ" ይላል፤ አንዳንድ ቀን ከዚህ ሌላ ወሬ አይሰማም።

እናቴ የታመመችው ስምንተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ነው። ጡቷ ላይ እብጠት ወጣ። መጀመሪያ ጠበል ሄደች፣ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ፣ በመጨረሻ ከአክስቴ ከእትዬ ዘነበች ጋር አዲስ አበባ። ይህን ሁሉ ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም። ከትልልቆቹ ሹክሹክታ ለቃቅሜ ነው ያወቅሁት። ስገባ ወሬው ይለወጣል፣ ስወጣ ይቀጥላል። ስሙ ሲጠራ ሰምቶ የሚመጣ ይመስል በሽታው ቤታችን ውስጥ "ያ ነገር" ነበር የሚባለው። ጎረቤት ራሴን እየዳበሰ "አይዞሽ፣ ምንም አይደል" ይለኛል። ምንም ካልሆነ ለምን አይዞሽ ይሉኛል? ይህን መጠየቅ ግን ነውር ነበር።

አባቴ ሥራው ገጠር ለገጠር ስለሆነ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ስልክ የምቀበለው እኔ፣ የበኩር ልጁ ነበርኩ። በሰፈራችን ስልክ ያለው ጋሽ ሻፊ ሱቅ ብቻ ነው። ጥቁር፣ ከባድ፣ በጣት የሚዞር ስልክ፤ ባለቤታቸው በሠሩለት ዳንቴል ተሸፍኖ፣ መደወያው ላይ ትንሽ ቁልፍ ተቆልፎበት። ጋሽ ሻፊ የሱቁን በር ሳይቆልፉ ሶላት ይሄዳሉ፤ የስልኩን ቁልፍ ግን ከአንገታቸው አያወልቁም። ሱቁ ደጃፍ ላይ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር። እትዬ ዘነበች ሐሙስ ሐሙስ በአሥር ሰዓት ትደውላለች። እኔ ከዘጠኝ ተኩል ጀምሮ አግዳሚው ላይ ነኝ።

በአግዳሚው በሌላው ጫፍ አንዲት ልጅ ትቀመጣለች። በመልክ አውቃታለሁ፤ ከእኛው ትምህርት ቤት የጎረቤት ክፍል ልጅ ናት። ነኢማ ትባላለች። አባቷ ጋሽ ሁሴን ከማረቆ በርበሬ እያመጡ የሚነግዱ፣ ሳቃቸው ከገበያው ማዶ የሚሰማ ሰው ነበሩ። በዚያ ዓመት ጉሮሯቸውን ታመው እህል አልወርድ አላቸውና ታናሽ ወንድማቸው አዲስ አበባ ወሰዷቸው። ለካ የነኢማ አጎትና የእኔ አክስት እዚያው ሆስፒታል ግቢ ተዋውቀው፣ ሐሙስ ሐሙስ አብረው ወጥተው ነው የሚደውሉት። አንዱ ሲጨርስ ለሌላው ይሰጣል።

ሁለት ሐሙስ በሁለት ጫፍ ተቀምጠን አንድ ቃል አልተነጋገርንም። በሦስተኛው፣ እኔ ተነጋግሬ ስወጣ፣ ነኢማ ቀና ብላ "ምን አሉሽ?" አለችኝ።

"ደህና ናት አሉኝ።"

"እኔንም ደህና ነው ይሉኛል። ከጥቅምት ጀምሮ ደህና ነው። ደህና ከሆነ ለምን አይመጣም?"

መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች።

"አባቴ ነቀርሳ ነው ያለበት" አለች።

ያንን ቃል በጠራራ ፀሐይ፣ ሳይንሾካሾኩ ሲናገሩት የሰማሁት ያን ቀን ነው። ደንግጬ ዙሪያዬን አየሁ። ሰማይ አልተደፋም። ጋሽ ሻፊ ስኳር ይመዝናሉ። አንድ ጋሪ ሲሚንቶ ጭኖ አለፈ።

"እናቴም" አልኩ። "ጡቷ ላይ።"

ነኢማ ጭንቅላቷን ነቀነቀችና ከቦርሳዋ ክንድ የምታህል ሸንኮራ አወጣች። አንዴ ገምጣ፣ ልጣጩን በጥርሷ ግልጥ አድርጋ፣ ወደ እኔ ዘረጋችው። ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ለምን እንደምታየኝ አወቅሁ። ትምህርት ቤት "ይጋባል" እየተባለ፣ ውኃ የጠጣሁበትን ጣሳ ልጆች አጥበው ነበር የሚጠጡበት፤ እሷም ያው ደርሶባታል። ከገመጠችበት ላይ ገመጥኩ። እሷም እኔ ከገመጥኩበት ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ከጫፍ ወደ መሀል ተጠጋጋን።

ደንቡን ያወጣችው ነኢማ ናት። "አንቺ የሰማሽውን ለእኔ እንዳለ ንገሪኝ። እኔም ለአንቺ እንዳለ እነግርሻለሁ። ማሳመር የለም" አለች። "ወላሂ በይ።"

"እኔ ክርስቲያን ነኝ።"

ትንሽ አሰበች። "እንግዲያው በማርያም በይ።"

"በማርያም።"

"እኔም ወላሂ" አለችና ጨረስን። እንዲህ ያለ ውል በሽማግሌ ፊት ቢሆን ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር።

ወራቱ እንዲህ አለፉ። አንዳችን ከስልኩ ስንመለስ ሌላዋ ትጠይቃለች። "ዛሬ ቡላ አጠጥተውት መለሰው አሉ" ትላለች። "ዛሬ ደም ሰጧት፤ ፀጉሯ እየረገፈ ነው" እላለሁ። "እንዳለ ነው?" "እንዳለ ነው።" ማልቀስ ካለ እናለቅሳለን፤ ከዚያ ዓይናችንን ጠራርገን ስለ ሒሳብ አስተማሪያችን ኮት፣ ስለ አንድ ልጅ አረማመድ፣ ስለ ምንም ነገር እናወራለን። የሚገርመው፣ ሳምንቱን ሙሉ "ምንም አይደል" ስባል ራት አይወርድልኝም ነበር። ክፉውን ወሬ እንዳለ የምሰማውና የምናገረው ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ማታ ግን እበላለሁ፣ እንቅልፍም ይወስደኛል። ሰው ለልጅ እውነት ይከብደዋል ሲል ስሰማ እስከ ዛሬ ያ ራት ትዝ ይለኛል።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ በአንድ ዝናባማ ሐሙስ፣ ነኢማ ዘገየች። እናቷ በርበሬ አስይዛ ወፍጮ ቤት ልካት ኖሯል። እትዬ ዘነበች እናቴ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀዶ ጥገና እንደሚደረግላት ነግራኝ ስትጨርስ፣ "ቆይ፣ የነኢማ አጎት ይፈልጋታል" ብላ ስልኩን ሰጠቻቸው።

"ሃሎ፣ ነኢማ?"

"አይደለሁም፤ ሰናይት ነኝ። ነኢማ ወፍጮ ቤት ሄዳ ነው። አሁን ትመጣለች።"

በመስመሩ ውስጥ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

"አላህ ነው ያገናኘን። ስሚኝ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ። "ለነኢማ እናት የምትነግሪልኝ ነገር አለ። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የምናደርግለት የለም፣ ቤቱ ውሰዱት ብለውናል። ማክሰኞ ይዤው እመጣለሁ። ቤቱን ታሰናዳ። ለነኢማ ግን እንዳትነግሪያት፤ ሚኒስትሪ አለባት። ለእሷ ተሽሎታል፣ እየመጣ ነው በያት። አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር።"

"እሺ" አልኩ።

ዳንቴሉን ስልኩ ላይ መልሼ አልብሼ ወጣሁ። ነኢማ በዝናቡ እየሮጠች መጣች፤ የበርበሬው ብናኝ ቅንድቧ ላይ ሳይቀር አርፎ፣ ዝናቡ ደግሞ በጉንጯ ላይ ቀይ መስመር አውርዶበታል።

"ደወሉ?"

"ደወሉ።"

"ምን አሉ?"

"ተሽሏቸዋል። ማክሰኞ ይመጣሉ።"

ቆመች። ትንፋሿ እስኪመለስ አየችኝ። "እንዳለ ነው?" አለች።

"እንዳለ ነው።"

ለምን እንዲህ አልኩ? ሠላሳ ዓመት ለራሴ ብዙ መልስ ሰጥቼዋለሁ። አደራ ፈርቼ ነው፤ ትልቅ ሰው አዝዞኝ ነው፤ ለፈተናዋ ብዬ ነው። ሁሉም ውስጡ አለ። ዋናው ግን ሌላ ነው። በዚያች ደቂቃ ፊቷ ሲወድቅ ማየት አልፈለግሁም። የሸሸሁት ለእሷ ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ብዬ ነው።

"አልሃምዱሊላህ!" ብላ ተጠመጠመችብኝ፤ ነጭ ሸሚዜ በበርበሬ ቀላ። "ሰናይት፣ ክትፎ ይበላል ማለት ነው እኮ! ሚጥሚጣውን እኔ ነኝ የማዘጋጅለት፣ ማንም አይነካብኝ። ያንቺም እናት ትድናለች፣ ታያለሽ። ወላሂ ትድናለች።" ከደስታዋ ብዛት ጋሽ ሻፊንም አቀፈቻቸው። እሳቸው ከስልኩ የሚወጣውን ድምፅ ሰምተው ነበር መሰለኝ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ ከረሜላ አወጡና ለሁለታችን ሰጡን።

በማግሥቱ ጠዋት በርበሬ ተራ ሄጄ ለእናቷ የተላክሁትን ነገርኳት። ዛላውን ከአንገቱ እየቀነጠሰች ነበር። እጇ ሳያቋርጥ ሰማችኝ። ዓይኗ ሞላ፤ በበርበሬ እጇ ግን መጥረግ አልቻለችም፣ እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። "ነኢማስ?" አለችኝ። "ተሽሏቸዋል አልኳት።" "ደግ አደረግሽ" አለችኝ። "ጎበዝ ልጅ።" በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ጎበዝ ተብያለሁ፤ እንደዚያን ቀን የከበደኝ የለም።

ጋሽ ሁሴን ማክሰኞ መጡ። ነኢማ አመሻሹ ላይ አየቻቸው። ከስተው፣ ድምፃቸው ጠፍቶ፣ ግድግዳ ተደግፈው። "መንገዱ አድክሞት ነው" አሏት። "ቤቱ በጠያቂ ስለሚሞላ ረጋ ብለሽ አጥኚ" ብለው ዕለቱን አክስቷ ቤት ላኳት። ፈተናው ረቡዕና ሐሙስ ነበር። ሁለቱንም ቀን ምሳችንን ግቢ ውስጥ አብረን በላን። አክስቷ ቆጮና ጎመን ቋጥራላት ነበር። "ቅዳሜ እኛ ቤት ትመጫለሽ፣ ያን ጊዜ ድካሙም ይለቀዋል" ትለኛለች። ጎመኑን ትቼ ውኃ እየደጋገምኩ ጠጣሁ።

ሐሙስ በከሰዓቱ ፈተና በመስኮት ወደ ውጭ ስመለከት አንድ ሽማግሌ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። ዝናብ የለም። ዝም ብለው ቆመዋል። ልጅ ብሆንም እንዲህ ያለ የመርዶ አቋቋም አውቃለሁ፤ የአገሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ጥያቄ ምን ብዬ እንደመለስኩ አላስታውስም። ነኢማ ከፊቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ፣ አጎንብሳ ትጽፋለች። ደወል ሲደወል እየሳቀች ወደ እኔ ዞራ "ጨረስን!" አለችኝ።

አባቷ ያረፉት ጎህ ሲቀድ ነበር። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ተቀብረዋል። እሷ ቤት ስትደርስ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ከቀብር የተመለሰው ሰው ተቀምጦ ነበር። ኋላ እንደሰማሁት ጋሽ ሁሴን ረቡዕን ሙሉ በእጃቸው ወደ በሩ ያሳዩ ነበር። "ፈተና ላይ ናት፣ ትመጣለች" ይሏቸዋል፤ ትንሽ ቆይተው እንደገና በሩን ያሳያሉ።

ከአባቴ ጋር ለቅሶ ደረስን። ነኢማ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች። አጠገቧ ሄጄ "ነኢማ" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም።

"እነሱን አላመንኳቸውም ነበር" አለችኝ በቀስታ። "ግድግዳ ተደግፎ ሳየው ልቤ ነግሮኛል። ግን አንቺ እንዳለ ነው ብለሽኛል። አንቺን አምኜ ሄድኩ።"



የሚቀጥለው ሐሙስ የእናቴ የቀዶ ጥገና ወሬ የሚመጣበት ቀን ነበር። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከመንገድ ሸንኮራ ገዝቼ ይዤ ነበር፤ ለምን እንደገዛሁት አላውቅም። ብቻዬን ያንን ስልክ እንዴት እንደማነሳ እያሰብኩ፣ ልጣጩን በእጄ እልጣለሁ። አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አንድ ሰው መጥቶ በሌላው ጫፍ ተቀመጠ። ጥቁር ሻሽ አስራለች።

እሷን የሚጠራ ስልክ ከእንግዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የለም።

"ይቅር አላልኩሽም" አለችኝ፣ ወደ መንገዱ እያየች።

"አውቃለሁ። ታዲያ ለምን መጣሽ?" አልኳት።

"ዛሬ ሐሙስ ነው።"

ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ሻፊ "ሰናይት" ብለው ተጣሩ። ገባሁ። እትዬ ዘነበች "ደህና ናት፣ ምንም አይደል፣ አትስጊ" ስትል አቋረጥኳት። ትልቅ ሰው አቋርጬ አላውቅም። "እትዬ፣ በማርያም፣ እንዳለ ንገሪኝ" አልኩ። ከዚያ አክስቴ ማልቀስ ጀመረች፤ እያለቀሰች ነገረችኝ። ጡቷን ቆርጠውታል። ሌላ ሕክምና ይቀጥላል። በሽታው ተመልሶ ይምጣ አይምጣ ሐኪሞቹም አያውቁም። "አሁን ነቅታለች፤ ያንቺን ስም ጠርታለች" አለችኝ።

ወጥቼ ለነኢማ ሁሉንም ነገርኳት። ምንም ሳልቀንስ፣ ምንም ሳልጨምር። "እንዳለ ነው?" ብላ አልጠየቀችም። እኔም እንዳለ ነው አላልኩም። ሸንኮራውን በመሀላችን አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩት። አልነካችውም። "መንቃቷ ጥሩ ነው" አለችና ተነስታ በዝናቡ ሄደች።

በቀጣዩም ሐሙስ መጣች። ሸንኮራውን አልነካችም። በሦስተኛው ሐሙስ ስለ ፈተናው ውጤት እያወራን ሳለ፣ ሳታስበው ይመስለኛል፣ እጇን ዘርግታ አንስታ ገመጠችና ሰጠችኝ። ያን ክረምት ሙሉ፣ እናቴ በጋቢ ተጠቅልላ ከአውቶቡስ እስክትወርድ ድረስ፣ አንድ ሐሙስ አላጎደለችም። የአባቷን ስልክ ስትጠብቅ አብሬያት የተቀመጥኩትን ያህል፣ የእናቴን ስልክ ስጠብቅ አብራኝ ተቀመጠች። እኔ ግን የእሷን ዕዳ በምን እከፍለዋለሁ? እናቴ ዛሬም በሕይወት አለች። ቡታጅራ ቤቷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የአላፊ አግዳሚውን አለባበስ ትተቻለች። በሳቀች ቁጥር ደስታው ይመጣል፤ ከኋላው ትንሽ እፍረት ይከተላል። ለነኢማ አንድ ጊዜ ይህን ነግሬያት "አንቺ ሞኝ፣ የእናትሽን መዳን ምን አድርጊ ልበልሽ፣ መልሺው?" ብላ ስቃብኛለች። ሳቋ ያባቷ ነው።

የረድኤት አጎት በሄደበት ቀን ማታ ለነኢማ ደወልኩላት። ዛሬ ማረቆ ውስጥ፣ ቆሼ በምትባል ከተማ፣ የበርበሬ መጋዘንና ወፍጮ አላት፤ ስልኳን ስታነሳ አንድ ጊዜ ሳታነጥስ አታወራም። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

"ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?"

"አሥራ አራት።"

"እናትየው የት ናት?"

"እዚሁ፣ ቤቷ።"

ከኋላዋ ወፍጮው ይጮኻል። "እናትየውን ጠይቀዋታል?" አለችኝ። "አባቴን ማንም አልጠየቀውም። በሩን ሲያሳይ እንኳ አልጠየቁትም።"

በማግሥቱ የረድኤትን አጎት አገኘሁትና አደራውን እንደማልቀበል ነገርኩት። ተቆጣ። "ፈተናዋ ቢበላሽስ?" አለ። "ቢበላሽ በሚቀጥለው ዓመት ትፈተናለች፤ እናቷ ግን እስከሚቀጥለው ዓመት አትጠብቃትም" አልኩት። ከዚያ የነኢማን ጥያቄ ጠየቅሁት። "ለታማሚ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይጠየቃል?" ብሎ ሲከራከረኝ ቆይቶ፣ በመጨረሻ "እሺ፣ ይምጡና እርስዎ ይጠይቋት" አለኝ። ሄድን። ሴትዮዋ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ገና ጥያቄዬን ሳልጨርስ "ልጄን አምጡልኝ፤ እኔ ነኝ የምነግራት" አለች። "ስንት ቀን ነው እንዲህ የሚለኝ ሰው የጠበቅሁት?" አጎትየው ወደ ግድግዳው ዞረ። ረድኤት ያን ቀን ከአክስቷ ቤት ከነደብተሯ ተመለሰች፤ የተፈተነችውም ከእናቷ ቤት እየወጣች እየገባች ነው።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። እውነቱን ትልቅ ሰው ሊነግር ይችላል፤ አብሮ መሸከም ግን የእኩያ ነው። ሰባተኛ ክፍል ውስጥ መኪያ የምትባል ልጅ አለች፤ አባቷ በየወሩ አዲስ አበባ ለዚሁ ሕመም መድኃኒት ይሄዳሉ። የፈተናው ዕለት፣ በረፋዱ እረፍት ላይ፣ አብረው ይቀመጡ እንደሆነ ለየብቻ ጠየቅኋቸው። ረድኤት ትከሻዋን ነቀነቀች። መኪያ "ምን ብዬ ላውራት?" አለችኝ። "ምንም አትበዪ፤ ተቀመጪ" አልኳት።

ከቤተ መጻሕፍቱ ኋላ፣ ከዛፉ ሥር፣ ቀለሙ የለቀቀ አግዳሚ አለ። አንዷ በአንድ ጫፍ፣ ሌላዋ በሌላው ጫፍ ተቀመጡ። ጠዋት ከመናኸሪያው በር የገዛሁትን ሸንኮራ በመሀላቸው አስቀመጥኩ። ሁለቱም ሸንኮራውን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ቀኑ ሐሙስ አልነበረም። ወደ ክፍሌ ሄድኩ፤ ዞሬ ላለማየት ብዙ ታገልኩ። በር ላይ ስደርስ ከኋላዬ የመኪያ ድምፅ ተሰማኝ።

"አንቺን ምን አሉሽ?"